ብቻውን የቆመ ሽምብራ

ጎጆ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ቁና ሽምብራ ታቅፌ ከታችኛው ማሳዬ ጫፍ ቆምሁ። በሬዎቹ ተጠምደዋል። ሞፈርና ቀንበሩ ከአማቴ የተዋስሁት ነው፤ ማረሻው ግን የራሴ ነበር፣ አዲስ። መሬቱ በድልድል ደርሶኛል። ምን ልዝራ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። የሥራዬን የመጀመሪያ ቀን የምቆጥረው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት ሳርስ የኖርሁት አባቴ የመረጠውን እህል ነዋ። ሞፈር መያዝ ጉልበት ያለው ሁሉ ይይዛል፤ ምን እንደሚዘራ መቁረጥ ነው ገበሬ የሚያሰኘው።

ገና እፍኝ ሳልበትን ድንበርተኛዬ አያ ገላው በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ያን ጊዜ የእኔን ያሁኑን ዕድሜ የሚያህሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምን ይዘሃል ታከለ?»

«ሽምብራ ነው አያ ገላው።»

«ከግራህ ያለው ምን ዘራ?»

«ጓያ።»

«ከቀኝህስ?»

«ከቀኜማ እርስዎ ነዎት። ጓያ ነው የዘሩት።»

«እንግዲያው ሽምብራውን ለሚስትህ መልስላት፤ ትከካው።»

ተናደድሁ። መሬቱ የኔ፣ ዘሩ የኔ፣ ጉልበቱ የኔ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። አያ ገላው በበትራቸው ከማሳው ራስ የሚያልፈውን መንገድ አሳዩኝ።

«ያ መንገድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ገበያ ይሄዳል፤ ባሕር ይወርዳል። ሽምብራ ሲያሽት አላፊው ሁሉ እጁን ይሰዳል። ሁላችንም ከዘራን ከያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ ነው፤ አይታወቅም። ብቻህን ከዘራህ ግን የአገሩ ሁሉ ምሳ አንተ ነህ።»

«እከለክላለሁ።»

«እሸት ትከለክላለህ? አንተ? የማን ልጅ ሆነህ?»

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር በእሸት ማሳ ዳር የሚያልፍ ሰው ሳይጠይቅ ነቅሎ ይበላል። ሕጉ ለአፍ እንጂ ለእጅ አይደለም፤ የቻልኸውን እዚያው ቆመህ ትበላለህ፤ አስረህ ይዘህ አትሄድም። የሚበላን ሰው የተቆጣ ንፉግ ይባላል፤ ስሙም ለልጁ ይተርፋል። ጓያ እንኳ እሸቱ ያው ነው፤ ነገር ግን እግር ይሰብራል እየተባለ ስለሚፈራ ብዙ ሰው አይደፍረውም።

ሽምብራውን መለስሁ። ከአያ ገላው ጓያ ተበድሬ ዘራሁ። ገበሬ ሆኜ የመጀመሪያው ውሳኔዬ እንግዲህ የራሴን ውሳኔ መሻር ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው አርባ ምናምን ዓመትም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ማሳዬ ከዘንዘልማ ቀበሌ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሐይቁ ማለቴ ነው፣ ዝቅ ብሎ ሦስት ቦታ ነው። ላይኛው ቀይ አፈር ነው፤ ጠጠር አለበት፤ ዳጉሳ ይስማማዋል። ከጓሮዬ ያለው ፍግ ስለሚደርሰው በቆሎ ይወዳል። ታችኛው፣ የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት፣ ሁለት ጥማድ ነው፤ በሬ በሁለት ቀን የሚያርሰው ማለት ነው። ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ጫፉን በክረምት ባሕሩ ይወስደዋል፤ በጥቅምት ይመልስልናል። ባሕር ሸሽ የምንለው ይህንን ነው። አሁን አሁን ባሕሩ ሲሸሽ እምቦጩን ትቶብን ይሄዳል፤ እሱን መጥረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ባሕር ሸሽ መሬት የሚዘራው በዝናብ አይደለም፤ በከረመው እርጥበት ነው። ቀኑን የምታውቀው በእጅህ ነው። አፈሩን ጨብጠህ ታየዋለህ። መዳፍህ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው። ጨብጠህ ስትጥለው ሦስት አራት ቦታ ከተሰበረ ቀኑ ዛሬ ነው። ከበነነ አልፎሃል፤ ቤትህ ግባ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እንኳ ምረጥ ብሎ የተወኝ ሰው የለም።

አንድ ዘመን ጤፍ በመስመር ዝሩ ተባለ። ጤፍ! የግብርና ባለሙያው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር በሥቶ አመጣና ጤፉን በቀዳዳው እያፈሰስን በገመድ ተከትለን እንድንሄድ አሳየን። ጎንበስ ብዬ ሦስት ቀን ሄድሁ። ባለቤቴ፣ ያልጋ፣ ምሳ ይዛ መጥታ ትንሽ አየችኝና፣ «ጥልፍ ነው እንዴ የያዝኸው?» አለችኝ። ጤፉ መጥፎ አልሆነም። ወገቤ ግን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሩዝ ነው የዚህ አገር መድኃኒቱ ተባለ። ስብሰባ ተጠራን፤ አጨበጨብን፤ ታችኛው ማሳ ላይ ሩዝ ዘራሁ። እንዴት ያለ ሩዝ! ሊደርስ ሲል ጉማሬ ከባሕሩ ወጥቶ አንድ ጥማዱን ከነሥሩ ጋጠው፤ የቀረውን ረገጠው። ለባለሙያው ነገርሁት። «ጉማሬ እንዳለ ለምን በስብሰባው ላይ አላነሡም?» አለኝ። ጉማሬው ስብሰባ መጠራት ነበረበት ልለው ብዬ ተውሁት።

በበቆሎ ደግሞ አንድ ዓመት ሞዴል አርሶ አደር ተባልሁ። ወረቀት ተሰጠኝ፤ ፎቶ ተነሣሁ። ከዚያ መድረክ ላይ አወጡኝና ተሞክሮዎን ያካፍሉ አሉኝ። «ዘራሁ፤ ዘነበ፤ በቀለ፤» ብዬ ልወርድ ስል ትንሽ ያርዝሙት አሉኝ። «ዘራሁ፤ አረምሁ፤ ዘነበ፤ በቀለ፤» አልሁ።

ቤት ስገባ ደግሞ ያልጋ አለች። እሷ ዳጉሳ ነው የምትወደው፤ ለእንጀራውም ለጠላውም። በቆሎ በዘራሁ ቁጥር፣ «እህል የምትመርጠው አንተ፤ የምፈጨው እኔ፤» ትለኛለች። ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ንግግሯ ግን አልተለወጠም።

እንዲህ ስል እርጅና መጣ። ሞፈሩን ለልጄ ለይበልጣል ለቀቅሁ። ምን ይዘራ የሚለው ግን በእኔ እጅ ቆየ፤ መሬቱ በስሜ ነውና።

ይበልጣል መጥፎ ልጅ አይደለም። ልጆቹን ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ያስተምራል። ካቻምና ክረምት ሊወጣ ሲል አጠገቤ ተቀመጠና አፈር አፈሩን እያየ፣ «አባባ፣ ታችኛውን ማሳ ጫት እንትከልበት፤» አለኝ።

«እህል ሰለቸህ?»

«እኔን አልሰለቸኝም። እኛ ነን እህሉን የሰለቸነው። አንድ ዓመት ጉማሬ፣ አንድ ዓመት ጎርፍ። ጫት ጉማሬ አይበላውም።»

«ጫት የገባበት መሬት ለእህል ተመልሶ አያውቅም፤ ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅዎት።»

ከዘንዘልማ ወዲህ ያለውን አየዋለሁ። ጤፍ አጭጄ የማውቅበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ባጃጅ ይቆምበታል። ቤት ያልበላውን ጫት በልቶታል። ታችኛው ማሳ ከሄደ እኛ ቤት እህል የሚባል ነገር ጓሮና ጠጠር ላይ ብቻ ሊቀር ነው።

ተከራከርን። በመጨረሻ ይበልጣል ራሱ አንድ ነገር አመጣ። «ይህን ዓመት እርስዎ የወደዱትን ይዝሩ። ሁለቱ ጥማድ ስድስት ኩንታል ከሰጠ ዳግመኛ ጫት የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ካልሰጠ ግን እተክላለሁ።» ስድስት ለዚያ መሬት ብዙ አይደለም። እሺ አልሁ። ያልጋ ምስክር ሆነች። «ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ፤» አለች፤ ምስክርነቷ ይኸው ነበር።

መሬቱ ሁለት ዓመት ጤፍ ተዘርቶበት ደክሟል። እንዲህ ሲሆን ሽምብራ ነው የሚያሳርፈው። ሽምብራ እዘራለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

በዚያው ሰሞን ሰላም የምትባል ወጣት ባለሙያ ቀበሌያችን ተመድባ ነበር። የቆጋ ገበሬ ልጅ ናት። ጭቃ አትፈራም፤ ሽማግሌ ታከብራለች። ስብሰባ ጠርታ በበጋው የእኛ ዙሪያ በሙሉ ስንዴ እንዲዘራ ነገረችን፤ ውሃው በሞተር ከባሕሩ ይሳባል። ኩታ ገጠም ነው። ሰው ሁሉ እሺ አለ። እኔ እንቢ አልሁ። ማሳዬ ድረስ መጣች።

«አባቴ፣ ኩታ ገጠም ማለት እኮ ማሳው ሁሉ አንድ ልብስ ለበሰ ማለት ነው።»

«ልብሱ ሰፍቶኝ እንደሆነስ ልጄ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «እሺ፣ የስንዴውን ነገር እንተወው። ግን ሽምብራ ብቻዎን ሊዘሩ ነው? መንገድ ዳር? እናቴ እንኳ ይህን አታደርግም። ይበሉብዎታል እኮ፤» አለችኝ።

አያ ገላው ከመቃብር ተነሥተው የተናገሩ መሰለኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ! ልክ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን ደከመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የዘራሁት ጎረቤት፣ ስብሰባና ባለሙያ የመረጠውን ነው። መሬቱ ከእጄ ሊወጣ ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልምረጥለት አልሁ።

«እጠብቀዋለሁ፤» አልኋት።

ዘራሁ። ሽምብራው እንዴት ያለ ሆኖ በቀለ! ግራና ቀኙ ገና ጥቁር መሬት ነው፤ ስንዴው የሚዘራው ዘግይቶ ነውና። በመካከል የእኔ ብቻ አረንጓዴ። ከአስፋልቱ ሳይቀር ይታያል። ያኔ ደስ አለኝ። ሞኝ ደስ የሚለው እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አሸተ። ከማሳው ራስ ማማ ሠራሁና በአራት እንጨት ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ወንጭፍም ያዝሁ። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም፤ ወፍ ሽምብራ አትነካም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ የማውቀው ሰው ከገበያ ሲመለስ ቆመ።

«እንደምን ዋሉ አያ ታከለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ብላ።»

ብላ ያልሁት እኔ ነኝ! ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሰው ቆሞ ሰላምታ ከሰጠህ፣ አንተም እሸት መካከል ከተቀመጥህ፣ ሌላ ምን ይባላል? ሰውየው ገባ፤ ተቀመጠ፤ ስለ በሬው ሕመም እያጫወተኝ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ጨረሰ።

ማማው የባሰ ጎዳኝ። ቀድሞ እየነቀለ የሚያልፍ የነበረው መንገደኛ አሁን ሽማግሌ ተቀምጧል ብሎ ሰላም ለማለት ይቆማል። ከቆመ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ይበላል። ያልጋ አንድ ቀን ምሳ ይዛ ስትመጣ ሰባት ሰው ከበውኝ አገኘች። እስኪሄዱ ጠበቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠባቂ ነህ ወይስ ጋባዥ?»

«ምን ላድርግ? ሂዱ ልበላቸው?»

«እኔ ልበልልህ?»

«ኧረ እንዲያማ አታድርጊ።»

«እንግዲያው ውረድና እኔ ማማው ላይ ልውጣ፤ ቢያንስ እኔን ሲያዩ አይቀመጡም።» ሁለት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሴቶች ከማማው ሥር ልጅ እያጠቡ፣ ሽምብራ እየፈለፈሉ፣ እሷም ከላይ ሆና ስትስቅ ደረስሁ።

ከበሉት ሁሉ የከፈለ ሰይድ ብቻ ነው። ሰይድ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያጠመደውን ይዞ በእኛ መንገድ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። አንድ እፍኝ ይበላና፣ «እኔ በነጻ አልበላም አያ ታከለ፤» ብሎ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ከማማው እግር ላይ ያንጠለጥላል። የገና ጾም ነበር፤ ያልጋ ደግሞ በጾም ዓሣ ቤት አታስገባም። ብነግረውም ይረሳዋል። በዚያ ዓመት ከሽምብራዬ ያተረፈች ድመታችን ናት።

ጥር ሲገባ ስንዴው በቅሎ አረንጓዴ ሆነ። እንግዶች ሊጎበኙት ነው ተባለና ሰሌዳ መጣ። «የበጋ መስኖ ስንዴ ኩታ ገጠም ማሳ» ይላል። ሰሌዳ ደግሞ መንገድ ዳር ነው የሚተከለው። መንገድ ዳር ያለው የማን ማሳ ነው? ሰላም አልነበረችም፤ ሰሌዳውን ይዘው የተላኩት ልጆች ጉድጓድ ቆፍረው ሽምብራዬ መካከል አቆሙት።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። ባርኔጣ ያደረጉት ትልቁ ሰው ሰሌዳውን አነበቡ፤ ማሳውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አባት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽምብራ ነው።»

«ሰሌዳው ስንዴ ነው የሚለው።»

«እኔ ሽምብራውን ነው የዘራሁ ጌታዬ። ሰሌዳውን አልዘራሁም።»

ሳቁ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ከሳቅን በኋላ ምን ቀረ? «ብሉ፤» አልኋቸው። ስንዴውን ከሩቅ አይተው ፎቶ አነሡት፤ ሽምብራዬን ግን ገብተው በሉት። ሾፌሩ ለአፍ እንጂ ለእጅ አይደለም የሚለውን ሕግ ከነጭራሹ አልሰማም፤ አንድ ነዶ አስሮ ከኋላ ጫነ። መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ሰላም አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ይቅርታ አባቴ። ሰሌዳውን አስነሣዋለሁ።»

«ተይው ልጄ። ጥላ ይሆነኛል።»

ይቅርታ ስትለኝ እጇ ላይ ሁለት ዘለላ ሽምብራ ነበር። ሳታውቀው ነው የነቀለችው።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። ታቦታችን በከተራ ወደ ባሕሩ የሚወርደው በዚያው መንገድ ነው። ደብሩ በሙሉ፣ ከባሕር ዳር የመጣው እንግዳ በሙሉ፣ በማሳዬ ራስ ሊያልፍ ነው። ማማው ላይ ልቀመጥ? ታቦት ሲያልፍ ከላይ ተሰቅሎ የሚጠብቅ ክርስቲያን አለ? ነጠላዬን አጣፍቼ ወረድሁና ተከተልሁ። ወደ ኋላ ላለመዞር ከራሴ ጋር ተዋዋልሁ።

ባሕሩ ዳር ሕዝቡ እያሸበሸበ እኔ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍሁ። አንድ ጎረምሳ፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጣና አጠገቤ ቆመ። በክንዱ ሙሉ እሸት ሽምብራ ታቅፏል። አየኝና ከፍሎ ዘረጋልኝ።

«እንኩ ፋዘር፣ እሸት ይብሉ እንጂ!»

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከዓባይ ማዶ።»

«እሸቱንስ ከየት አመጣኸው?»

«እዚያ ላይ፣ መንገድ ዳር። ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው አሉን፤ ማንንም አይከለክሉም።»

ተቀበልሁ። አንዱን በጥፍሬ ከፈትሁና በላሁ። ሌላም ደገምሁ። ለካ ከዘራሁት ጀምሮ ሳበላ እንጂ አንዲት ፍሬ ቀምሼ አላውቅም። ጣፋጭ ነበር። እንዲያ ጣፋጭ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

የካቲት ላይ ነቀልነው። ሽምብራ የሚነቀለው ማለዳ ነው፤ ጤዛ ሳይለቀው፤ ፀሐይ ከመታው ዛላው ይረግፋል። ቅጠሉ ኮምጣጣ ነው፤ እጅ ያቃጥላል፤ ልብስ ይበላል። እኔ፣ ይበልጣልና ያልጋ ሦስት ማለዳ ነቀልን። ከመንገዱ እስከ ማሳው ወገብ ድረስ እንደ ተላጨ ራስ ነበር። አውድማ ላይ አበራየነው፤ አነፈስነው፤ ሰፈርነው።

ሦስት ኩንታል።

ይበልጣል ጆንያዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አቆመና አራተኛ የሚፈልግ ይመስል አውድማውን ዞር ብሎ አየ። እስኪስቅብኝ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

«አባባ፣ አንድ ዓመት እንጨምር ይሆን?» አለኝ።

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቃል ቃል ነው። ትከል፤» አልሁት።

«እንግዲያው ግማሹን ብቻ። ግማሹን ለእርስዎ።»

ማሳውን በቁመቱ ለሁለት ከፈልነው፤ ከመንገዱ እስከ ባሕሩ፤ መንገዱም ለሁለታችን እኩል ደረሰን። ክረምት ሲገባ በሱ በኩል መደብ እያነሣ የጫት ችግኙን ተከለ። ቆሜ አየሁት። ሥሩ ቀጥ እንዲል እንዴት አድርጎ አፈሩን እንደሚረግጥለት ያሳየሁት እንኳ እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም፤ ሲያጣምመው።

መስቀል እንዳለፈ ከሰንበቴ በኋላ ድንበርተኞች ሁላችንም ሾላው ሥር ተቀመጥን። ለሞተሩ ነዳጅ አልተገኘም፤ ስለዚህ የበጋ ስንዴ የለም። ሰላምም መጥታ ነበር። ውሃ የማይጠይቅ ምን እንዝራ ተባለ። ሽምብራ አለ አንዱ። ሽምብራ አሉ ሁሉም። ዘሩስ ተባለ። ለካ ሁሉም ስንዴ ሲዘራ፣ በቤቱ የነበረውን ሽምብራ በልቶ ጨርሷል። አንድ በአንድ ዞረው እኔን አዩኝ።

ሁለት ኩንታል ለዘር አስቀምጬ ነበር።

ይበልጣል ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «በእሸቱ በሉት፤ አሁን ደግሞ በዘሩ!» አለኝ።

«እሰጣለሁ፤» አልሁ። «ግን ግራና ቀኜን፣ መንገዱን ይዛችሁ ትዘራላችሁ። አንድም ክፍተት እንዳይቀር።»

ሰላም ሰማችኝ። ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

አምና ማማ አልሠራሁም። ከአስፋልቱ በኩል እስከ ባሕሩ ሽምብራ ነበር። መንገደኛው በላ፤ ሰይድ በላ፤ ታቦትም ወረደ፤ ሕዝብም በላ። ከያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ። የት ቦታ እንደተበላ ፈልጌ አጣሁት።

የእኔ አንዱ ጥማድ ብቻውን ተነቀለ፤ ተበራየ። ያልጋ ሰፈረችው። ሦስት ኩንታል ሊሞላ አንድ ቁና ጎደለው። ካቻምና ከሁለቱ ጥማድ ያገኘሁትን ያህል ማለት ነው፤ ከግማሹ መሬት።

ይበልጣል ጆንያዎቹን አየ። ከዚያ ዞሮ ጫቱን አየ። ጉልበት ደርሷል፤ ሥር ይዟል።

«በሙሉው ቢሆን ኖሮ…» አለና ተወው።

«ስድስት ሊሞላ ሁለት ቁና ነበር የሚጎድለው። ቢሆንም ተሸንፌ ነበር፤» አልሁት።

«ሁለት ቁናማ እሞላልዎት ነበር፤» አለኝ።

ያልጋ ወንፊቷን አራግፋ ገባች።

አሁን ወጣት ገበሬዎችና አዲስ የተመደቡ ባለሙያዎች እየመጡ ምን እንዝራ ይሉኛል። ስለ አፈሩ፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ጉማሬው የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ግራና ቀኝህ ያለው ምን ዘራ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሽምብራ የሚዘራ ጎረቤት ከሌለህ ሽምብራ አትዝራ። ይህን አያ ገላው በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር።